ዋሻ የሌለበት ጦርነት

“የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም” ይላሉ አበው። ብሂሉ የሚያውቀው ሁለት ሰዎችን ብቻ ነው፤ ወጊውንና ተወጊውን። በእኛ ዘመን ግን ሦስተኛ ሰው ተጨምሯል። እርሱ አልወጋም፤ አልተወጋምም። ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ፣ በሌላ አህጉር ካሉ ባልንጀሮቹ ጋር በኢንተርኔት ተገናኝቶ፣ የወጊውን ወይም የተወጊውን ሚና ተላብሶ ይጫወታል። በካርታው ላይ ያሉት አገሮች እውነተኛ ናቸው። የጦር መሪዎቹ ስም እውነተኛ ነው። ዘመኑም እውነተኛ ነው። በዚያ ምድር ላይ ምን እንደ ተፈጸመና ምን እንዳልተፈጸመ የሚወስነው ግን ታሪክ አይደለም፤ የጨዋታው የይዘት ደንብ ነው።

ውድ አንባቢ፣ “በዚህ ሁሉ መከራችን መካከል ስለ ልጆች ጨዋታ ታወራለህን?” እንደምትለኝ አውቃለሁ። አዎን፣ አወራለሁ። የዛሬው ወጣት ታሪክን ከመጽሐፍ ይልቅ ከጨዋታ የሚማርበት ጊዜ ላይ ደርሰናልና። ክርክሬም አጭር ነው። ጦርነትን በእውነተኛ ስሙና በእውነተኛ ምድሩ የሚሸጥ ጨዋታ፣ በዚያ ጦርነት የተፈጸመውን ወንጀል “ለጨዋነት ሲባል” ከደንቡ ውጭ የማድረግ መብት የለውም። እንዲህ ያለው ደንብ ጨዋ ደንብ አይደለም፤ ሳያውቀውም ቢሆን የወጊው ጠበቃ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። ፓራዶክስ ኢንተራክቲቭ የተባለው የስዊድን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 “ሃርትስ ኦፍ አይረን 4” የተሰኘ ጨዋታ አወጣ። ጨዋታው የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1936 መባቻ፣ የፋሽስት ኢጣልያ ጦር በኢትዮጵያ ምድር ላይ እየገፋ በነበረበት ወቅት ነው። በ2022 ደግሞ “ባይ ብለድ አሎን” የተባለ ተጨማሪ ክፍል ወጣና የኢትዮጵያና የኢጣልያ ጦርነት ሰፊ ቦታ ተሰጠው። ጨዋታው በጥብቅ ስያሜው የስትራቴጂ ጨዋታ ነው። ይሁን እንጂ በኢንተርኔት የሚገናኙት ተጫዋቾች አንዱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን፣ ሌላው ሙሶሊኒን ሆነው ሰዓታትን የሚያሳልፉበት ስለሆነ፣ በተግባር ሚና ተላብሶ ከመጫወት የሚለየው ነገር ጥቂት ነው። የኩባንያው አቋም ከቀደሙት እትሞች ጀምሮ ይታወቃል፤ የሞት ካምፕ መሥራት የለም፤ የአይሁድን እልቂትም ሆነ መሰል የጅምላ ጭፍጨፋን ለተጫዋቹ በምርጫነት ማቅረብ የለም። ስለዚህ ጉዳይ በኩባንያው የውይይት መድረክ መከራከር እንኳ ሲከለከል ቆይቷል።

የደንቡ መነሻ ክፉ እንዳልሆነ መመስከር ይገባል። ጭፍጨፋን በአንዲት ቁልፍ የሚታዘዝ መዝናኛ ማድረግ ነውር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ከተማ በሁለት መስጊዶች 51 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ፣ ልጆች በሚበዙበት በሮብሎክስ መድረክ ላይ ያንን ግድያ መልሰው የሚያጫውቱ ሰዎች ተገኝተዋል። ኩባንያው እንዲህ ያሉትን ማጥፋቱ ተገቢ ነው። ገዳዩን ሆኖ መጫወት የሟቾችን ወገኖች ሁለተኛ መውጋት ነውና።

ነገር ግን ወንጀልን አለመጫወት አንድ ነገር ነው፤ ወንጀልን አለማወቅ ሌላ ነገር ነው። ደንብ አውጪዎቹ እነዚህን ሁለቱን ቀላቅለዋቸዋል። የመቀላቀላቸውን ጉዳት ለማየት ከስቶክሆልም ተነሥተን ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ወደ መንዝ እንሂድ።

ገደላ ገደል በሚበዛበት በመንዝ ምድር ዘረት በተባለ ስፍራ አንድ ትልቅ ዋሻ አለ። አመጸኛ ዋሻ ይሉታል። በ1931 ዓ.ም. የበጋ ወራት የኋላው ራስ አበበ አረጋይ ይመሯቸው ከነበሩት የሸዋ አርበኞች ጋር የተያያዙ ብዙ ሰዎች በዚህ ዋሻ ተጠልለው ነበር። ተዋጊዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም ጋር ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የኢጣልያ ጦር ዋሻውን ከበበ። ዋሻው በጠመንጃ አልደፈር ሲል በጦሩ ውስጥ የነበረው የኬሚካል ክፍል ተጠራ። ከሚያዝያ 1 እስከ 3 ቀን 1931 ዓ.ም. ባሉት ቀናት በዋሻው ላይ የሰናፍጭ ጋዝና አርሲን ተለቀቀ። ከጋዙ ተርፈው እጃቸውን የሰጡት ወንዶች በገፍ ተረሸኑ። ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለው ኢጣልያዊ የታሪክ ተመራማሪ የሟቾቹን ቁጥር ከ1,000 በላይ ያደርሰዋል። ዘመኑን የሚያሰላ ሰው አንድ ነገር ልብ ይላል፤ በዚያ ዓመት ሚያዝያ 1 ቀን የዋለው ፋሲካ ነበር።

ይህ የተፈጸመው በግራዚያኒ ዘመን እንዳይመስልህ። ግራዚያኒ ከሥልጣኑ ተነሥቶ፣ በአውሮፓ በጨዋነቱ የሚወደሰው የአኦስታ መስፍን የአዲስ አበባ እንደራሴ ሆኖ በተቀመጠበት ጊዜ ነው። “ክፉው ጄኔራል ሄደ፣ ደጉ መስፍን መጣ” የሚለው ተረት የዘረትን ዋሻ አያውቀውም። ኢጣልያም የመርዝ ጋዝን በጦርነት መጠቀም የሚከለክለውን እ.ኤ.አ. የ1925ቱን የጄኔቫ ፕሮቶኮል በ1928 አጽድቃ ነበር። ማለትም ወንጀሉ የተፈጸመው ወንጀልነቱ ታውቆ፣ ፊርማ ተፈርሞበት ነው።

አሁን ወደ ነጥቡ እንመለስ። ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ መርዝ ጋዙ ተናግረዋል። ዓለም ሰማ፤ ዝምም አለ። አንጀሎ ዴል ቦካ የተባለው ኢጣልያዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ይህንኑ ሲጽፍ በገዛ ወገኖቹ ሐሰተኛና ከዳተኛ ተብሏል። እ.ኤ.አ. በ1935 ዘማች ሆኖ የመጣውና በኋላ በአገሩ ስመ ጥር ጋዜጠኛ የሆነው ኢንድሮ ሞንታኔሊ “ጋዝ የሚባል ነገር አላየሁም” እያለ ለዓመታት ተከራክሯል። የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስትር ዶሜኒኮ ኮርቾኔ ጋዙ ጥቅም ላይ መዋሉን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ከጄኔቫው ንግግር እስከዚያ ድረስ 60 ዓመት! ዘረትም ቢሆን ከመንዝ ሰው በቀር ዓለም ያወቀው ዶሚኒዮኒ የጦሩን ሰነድ ይዞ ዋሻውን ካገኘ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በ2011 የታተመ የአርኪዮሎጂ ጥናትም በዋሻው ውስጥ የሰው አጥንትና የዕለት ኑሮ ዕቃ እንደ ወደቀ መገኘቱን አስነብቧል። አባቶቻቸው ያለቁባቸው ሰዎች ግን ይህን ሁሉ ያውቁት ነበር። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይህ ነው።

ያ የ60 ዓመት ዝምታ ራሱ በደንብ የተጠበቀ ነበር። ስለ ሊቢያዊው አርበኛ ዖማር ሙክታር የተሠራውና ግራዚያኒን በስሙ የሚያሳየው “የበረሃው አንበሳ” ፊልም፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የጦሩን ክብር ይነካል ተብሎ በኢጣልያ እንዳይታይ ታግዷል። በቴሌቪዥን የታየው በ2009 ነው። የይዘት ደንብ ማለት አንዳንድ ጊዜ ይህ ነው። ወንጀለኛው በሕይወት ሳለ በጦር ይጠበቃል፤ ከሞተ በኋላ በደንብ ይጠበቃል። በ2012 ደግሞ አፊሌ በተባለች የኢጣልያ ከተማ ለዚያው ለግራዚያኒ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ተሠራለት። ፊልሙ ሲታገድ መታሰቢያው አልታገደም።

እንግዲህ አንድ የሮማ ወይም የአዲስ አበባ ወጣት ስለዚህ ጦርነት አንድም መስመር ሳያነብ ጨዋታውን ቢከፍት ምን ይማራል? የጭፍጨፋ ስም በማይነሣበት ደንብ የተሠራ ጦርነት ውስጥ ክፍለ ጦር ከክፍለ ጦር ይገጥማል፤ ስንቅ ያልቃል፤ ድንበር ይገፋል፤ ቀለም ይቀየራል። ያሸነፈው የበለጠ ስልት ያወቀው ነው። ዋሻ የለም፤ ሕፃን የለም፤ ፋሲካ የለም። ይህ ጨዋታ አልዋሸም ይሉን ይሆናል፤ ዝም ብሏል እንጂ። ለእኛ ግን ያ ዝምታ አዲስ አይደለም፤ እስከ 1996 የቆየው የሮማ ዝምታ በአዲስ ቋንቋ ነው።

ዝምታን ጨዋነት ያደረገ ደንብ ወዴት እንደሚያደርስ ከጀርመን እንማር። በዚያ አገር ሕግ የናዚ ምልክቶች በጨዋታ ውስጥ እንዳይታዩ ለረጅም ጊዜ ተከልክሎ ነበር። በዚህ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው “ወልፍንስታይን 2” በጀርመን እትሙ ሂትለርን ጢሙን ላጭቶ፣ ስሙን ቀይሮ፣ ስለ አይሁድ የተነገረውን ሁሉ አስወግዶ ቀረበ። ናዚን ለማውገዝ የወጣ ደንብ ናዚ ማንን እንደ ገደለ ሰረዘ! ጀርመኖች ስሕተታቸውን አይተው በ2018 አሠራሩን ለወጡት። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ጨዋታ ምልክቱን ለምን እንደ ተጠቀመ እየተመረመረ፣ ለታሪክና ለኪነ ጥበብ ዓላማ ከሆነ ይፈቀድለታል። ደንብ ሊታረም እንደሚችል ይህ ምስክር ነው።

ሁለተኛው ጥፋት ደግሞ ከዚህ ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውና በኢንተርኔት ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጫወተው “ባትልፊልድ 1” የአንደኛውን የዓለም ጦርነት የመርዝ ጋዝ በእጅ ቦምብነት ያቀርባል። ጋዙ ሲመጣ ተጫዋቹ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ጭምብሉን ያጠልቃል፤ ትንሽ ይጠብቃል፤ ሩጫውን ይቀጥላል። ጨዋታው የሌላ ጦርነት ነው፤ ዘረትንም አያውቅም። የጋዝን ትርጉም ግን ለአንድ ትውልድ ያስተምራል። በዘረት ዋሻ ጭምብል አልነበረም። እንግዲህ ገበያው የሚያቀርብልን ሁለት ምርጫ ብቻ ነው፤ ወይ ወንጀሉ የለም፣ ወይ ወንጀሉ መጫወቻ ነው። ሁለቱም የሞተውን ሰው አያውቁትም።

“ይህ እኮ ጨዋታ ነው፤ ጨዋታን ደንብ አታብዛበት” የሚሉ አሉ። የአገራቸውን ጨዋታ ዘንግተውት ካልሆነ በቀር ደንብ የሌለው ጨዋታ የት አይተዋል? የገናን ጨዋታ ያስቧል። መንደር ከመንደር ይገጥማል፤ ሩሯ ትመታለች፤ በዚያች ዕለት ሎሌ ጌታውን በግጥም ቢሸረድደው ጌታው እንዳይቆጣ ልማዱ ያስገድዳል። ይህ ሚናን ለአንድ ቀን መገልበጥ ነው። ስድቡ የሚፈቀደው ግን ሁሉም በሚተዋወቅበት ሜዳ፣ ሁሉም በተስማማበት ቀን፣ ተሰዳቢው ራሱ ቆሞ እየሰማ ነው። የደንቡ ባለቤቶች ተጫዋቾቹና ተሸርዳጆቹ ናቸው። ሽርደዳው ቅን የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚያው ከመንዝ ሌላም ትምህርት አለ። የመንዝ ሰዎች የጓሣን ሜዳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሳቸው ሥርዓት ሲጠብቁ ኖረዋል። ሣሩ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ጊዜ ነበረው፤ የሚጠብቁትም በኅብረተሰቡ የተመረጡ ሰዎች ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ከታወጀ በኋላ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ሜዳውም ተጎዳ። በኋላ የአካባቢው ሕዝብ በአዲስ መልክ ጥበቃውን መልሶ ያዘ። በመሬቱ የማይኖር ሰው የሚያወጣው ደንብ፣ በጎ አሳብ ቢኖረው እንኳ፣ ምን እንደሚያጠፋ አያውቅም። ለሣር የሠራ ይህ እውነት ለመታሰቢያ አይሠራምን?

የጨዋታ ኩባንያዎች የቦታውን ባለቤት መስማት እንደማይሳናቸው ደግሞ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2007 የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የማንቸስተር ካቴድራል “ሪዚስታንስ” በተባለ ጨዋታ ውስጥ የተኩስ ሜዳ መሆኑን ባየች ጊዜ ተቆጣች፤ ሶኒም ይቅርታ ጠየቀ። በ2016 ሰዎች ስልካቸውን ይዘው “ፖክሞን ጎ” ለመጫወት ወደ አውሽቪትዝ መታሰቢያ ሲገቡ፣ የመታሰቢያው ኃላፊዎች ቦታው ከጨዋታው እንዲወጣ ጠየቁ። ካቴድራሉ ጳጳስ፣ ጋዜጣና ጠበቃ አለው። አውሽቪትዝ ቤተ መዘክር አለው። ዘረት ማን አለው? ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ በነበረ ጊዜ፣ የመንዝ ወጣት አገሩ የተሳለችበትን ጨዋታ መክፈት ቀርቶ ለወዳጁ “ደኅና ነኝ” ብሎ መጻፍም አልቻለም ነበር። ስለ እርሱ ደንብ ይወጣል፤ እርሱ ግን የለም።

ታዲያ መንግሥታችን ደንብ ያውጣልን? ይህን የሚል ሰው ጅቡን በግ እንዲጠብቅለት የሚቀጥር ነው። የእኛ አገር ሳንሱር ረጅም ታሪክ አለው፤ በንጉሡም በደርግም ዘመን የደራሲን ብዕርና የቲያትርን መድረክ ሲያሰናክል የኖረ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ማናቸውንም የቅድሚያ ምርመራ ከልክሏል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም ቢሆን የኪነ ጥበብ ሥራን፣ የትምህርትና የምርምር ሥራን ከክልከላው ውጭ አድርጓል። ጨዋታ የኪነ ጥበብ ሥራ መሆኑን ዐቃቤ ሕጉም ዳኛውም ሊቀበሉት ይገባል። ካልተቀበሉት ነገ አንድ ወጣት የአያቱን ታሪክ ጨዋታ አድርጎ ቢሠራ “ሕዝብን ከሕዝብ ለማጋጨት” ተብሎ የሚከሰስበት በር ክፍት ነው። ለዘረት የምንሻው መቀስ አይደለም፤ መዝገብ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አራት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፤ የጦርነቱን ስም የተጠቀመ የወንጀሉን ስም ይጥራ። ተጫዋቹ ጋዙን የሚያዝበት ቁልፍ አይኑር፤ ጋዙ መወርወሩን ግን ጨዋታው ይንገረው። ቀኑ ሲደርስ የሟቾቹ ዜና ይምጣ፤ ኢጣልያን የሚጫወተውም ይስማው። ታሪክን መንገርና ግድያን ማጫወት የተለያዩ ናቸውና ደንቡም ይለያቸው።

ሁለተኛ፤ የንጹሐን ሞት ነጥብ አያስገኝ። ይህ አይቻልም የሚል ካለ በሳራዬቮ ከበባ መነሻነት የተሠራውን “ዚስ ዋር ኦቭ ማይን” ይመልከት። የፖላንድ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ይህ ጨዋታ ተጫዋቹን ወታደር ሳይሆን በተከበበች ከተማ የሚራብ ሰላማዊ ሰው ያደርገዋል። ከደካማ ሽማግሌዎች የሰረቀ በረሃብ አይሞትም፤ ኅሊናው ግን ይሞታል፤ ጨዋታውም ያንን ያሳየዋል። በ2020 የፖላንድ መንግሥት ይህን ጨዋታ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የንባብ ዝርዝር ውስጥ እንደሚያስገባው አስታውቋል። ጨዋታ ወንጀልን ሳይደብቅም ሳያጣፍጥም መናገር እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ሦስተኛ፤ ደንቡ የሚመለከተው ሕዝብ በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍ፤ አቤቱታም በዚያው ቋንቋ ይቅረብ። ኢትዮጵያን የሚሸጥ ኩባንያ አማርኛ የሚያነብ አንድ ሰው መቅጠር አያደኸየውም።

አራተኛ፤ ትኩስ ቁስል በሌላ ሚዛን ይመዘን። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነት ሰሜን ሸዋ ድረስ ደርሷል። ከዚያም በኋላ ምድሪቱ አላረፈችም። የዚህ ጦርነት ሙታን ገና ተቆጥረው አላለቁም፤ ገዳዮቹም ሟች ቤተሰቦችም በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። የእነዚህን ሰዎች ስም፣ መልክና ብሔር ይዞ “አንተ እገሌን ሁን፣ እገሌን ግደል” የሚል የኢንተርኔት ጨዋታ ልምምድ እንጂ ጨዋታ አይደለም። “ወንጀልን አትደብቁ ስትል ቆይተህ አሁን ደብቁ ትላለህን?” ብትለኝ፣ አላልሁም። መርማሪው ይመርምር፤ ጋዜጠኛው ይጻፍ፤ ፊልም ሠሪው ይቅረጽ። ዘረት የጎደላት መታወቅ ነው፤ የትናንቱ ቁስል የጎደለው ደግሞ ፍርድ ነው። ፍርድ ያላገኘን ሟች ወደ ጨዋታ ሜዳ ማውጣት ገዳዩን ያለ ዳኛ ማሰናበት ይሆናል።

በመጨረሻም ለእኛው ለራሳችን አንድ ቃል አለኝ። የውጭ ኩባንያን መውቀስ ቀላል ነው። በአዲስ አበባ፣ በደብረ ብርሃንና በውጭ አገር ኮምፒውተር የተማሩ ብዙ ወጣቶች አሉን። በየዩኒቨርሲቲያችን የታሪክ ትምህርት ክፍሎች አሉ። የዘረትን ታሪክ የጻፉልን፣ ዋሻውን የለኩልን በአብዛኛው ኢጣልያዊና ስፔናዊ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ምስጋና ይገባቸዋል፤ እኛ ግን ልናፍር ይገባናል። ታሪኩን በራሳችን ቋንቋ ያልጻፍነውን፣ በትምህርት ቤት ያላስተማርነውን ዋሻ የስቶክሆልም ሰው በካርታው ላይ እንዲያኖርልን መጠበቅ የሰነፍ ክርክር ነው። ሰነዱ አለ። ቀኑ ይታወቃል። ዋሻውም በመንዝ ገደል ውስጥ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። የሚቀረው የእኛ አፍ ብቻ ነው።

ቸር ያሰማን።